ግትሩ ቦርድ ፈር እስኪይዝ

ባለፈው ዓመት ጥር ላይ ነው። ላቭላንድ በሚባለው የኮሎራዶ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ፣ ሰውን ወንበር ላይ አስቀምጦ ወደ ላይ የሚያወጣው 9ኛው ሊፍት አናት ላይ፣ ከባህር ወለል በላይ 3,870 ሜትር ገደማ፣ ነፋሱ ፊት ይልጣል። በረዶው ላይ ቁጭ ብዬ እግሬን ከስኖውቦርዱ ጋ የሚይዘውን የባይንዲንጉን ማሰሪያ አጠብቃለሁ፣ መልሼ አላላለሁ፣ አብረውኝ ከሊፍቱ የወረዱት ሰዎች ሁሉ ቁልቁል ሄደው አልቀዋል። ከሳምንት በፊት ጓደኛዬ እዚሁ ቦታ፣ በዚሁ ቦርድ፣ አንዴም ሳይደናቀፍ ሲወርድ በዓይኔ አይቼዋለሁ። ቦርዱን የገዛሁትም ከሱ ነው፣ ያኑ ቀን ማታ፣ "ለአንተ ስለሆነ በግማሽ ዋጋ ውሰደው" ብሎኝ። ተነሳሁና አንድ ዙር ሞከርኩ፣ ቦርዱ አልዞርም አለ። ዝም ብሎ በጎኑ ተንሸራተተ፣ ነፋስ ጠርጎ እንደ መስታወት ያደረገው ቦታ ላይ ስደርስ ጭራሽ ከስሬ ከዳኝ፣ አርባ ሜትር ያህል በጎኔ ተጎትቼ ወረድኩ።

አልተጎዳሁም፣ ክርኔ ነው ትንሽ የተላጠው፣ እሱም በሳምንቱ ዳነ። ያልለቀቀኝ ነገር ሌላ ነው። እዚህ ኮሎራዶ አራት ዊንተር ሙሉ በስኖውቦርድ ወርጃለሁ፣ ያንኑ ቁልቁለት በድሮዋ ሰማያዊ ለስላሳ ቦርዴ ስንቴ ወርጄዋለሁ፣ አወራረዴ ባያምርም ወርጄዋለሁ። ታዲያ የተሻለ ነው የተባለ፣ ዋጋውም ከፍ ያለ ቦርድ እንዴት እንደ መጀመሪያ ቀኔ ያደርገኛል? ጥፋቱ የቦርዱ ነው ወይስ የኔ? ስራዬ ኤርፖርት የሌሊት ሺፍት ነው፣ ሻንጣ እየጫንኩ ይሄንኑ ሳመላልስ ብዙ ሌሊት ነጋብኝ።

አሁን ሳስበው ነገሩ የተበላሸው ገና ስገዛው ነው። ጓደኛዬ 88 ኪሎ ነው፣ ልጅ ሆኖ መጥቶ እዚሁ ያደገ፣ ተራራው ሰፈሩ የሆነ ሰው። ያን ቀን ሲወርድ ያየሁት እሱን ነበር፣ ጉልበቱን፣ አስቀድሞ ሚያይበትን ዓይን፣ የማያመነታውን ዳሌ፤ እኔ ግን የሰውየውን ችሎታ በሙሉ ለእንጨቱ ሰጠሁት። የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባላል፣ ስንቴ ሰምቼው አልፌዋለሁ፣ ትርጉሙ የገባኝ ግን ያን መስታወት የመሰለ በረዶ ላይ በጎኔ ስወርድ ነው።

ግትር ሲባል

እዚህ ሰዎቹ ስቲፍ ይሉታል፣ እኔ ግትር እለዋለሁ፣ በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ቃል አላገኘሁለትም። ግትር ሰው ታውቃላችሁ፣ በቀላሉ አይታጠፍም፣ አንዴ ከታጠፈ ደግሞ ባለበት ይጸናል። ቦርዱም እንደዛ ነው።

ግትርነቱ በሁለት በኩል ነው። አንደኛው በቁመቱ ነው፣ አፍንጫና ጅራቱ ተደግፎ መሃሉን ስትጫነው ምን ያህል ይለመጣል የሚለው። ሁለተኛው ጥምዘዛው ነው፣ የታጠበ ጋቢ ሁለት ሰው ግራና ቀኝ ይዞ ሲጨምቀው ታስቡታላችሁ አይደል፣ እንደዛ ሲጠመዘዝ ምን ያህል እሺ ይላል ነው ነገሩ። ለስላሳ ቦርድ ይጠመዘዛል። ቀስ ብለህ ስትሄድ የፊት እግርህን ትንሽ ጫን ካደረግክ የፊቱ ኤጅ፣ ማለትም በረዶውን የሚይዘው የቦርዱ የብረት ዳር፣ ቀድሞ ይነክሳል፣ የኋላው ይከተላል። አብዛኞቻችን መዞር የተማርነው ሳናውቀው በዚህች ጥምዘዛ ነው። ግትሩ ቦርድ ይቺን ነገር አይሰጥህም፣ ከአፍንጫ እስከ ጅራት እንደ አንድ ሳንቃ አብሮ ይዞራል ወይ ጭራሽ አይዞርም።

ውስጡ እንጨት ነው፣ ከላይና ከታች ፋይበርግላስ ተነባብሮበት። የፋይበሩ ክሮች በሁለት አቅጣጫ ከተሸመኑ ቦርዱ ለስለስ ይላል፣ በሶስት አቅጣጫ ከሆኑ ይገተራል፣ ካርቦን ከገባበት ደግሞ ይበልጡን። ፍሪራይድ በሚባሉት፣ ከፓርክ ይልቅ ተራራውን በፍጥነት ለመውረድ በተሰሩት ቦርዶች ከሁለቱ እግሮች ስር ካምበር አለ፣ እንደ ቀስት መሃሉ ከፍ ያለ ነው፣ ስትቆምበት ጠፍጣፋ ይሆንና ክብደትህን ወደ ጫፎቹ ይገፋዋል፣ ኤጁ በቁመቱ ሁሉ በረዶውን እንዲነክስ የሚያደርገው ይሄ ነው። አፍንጫው ፓውደር ላይ፣ አዲስ የወረደ ዱቄት በረዶ ላይ ማለት ነው፣ እንዳይሰምጥ ቀና ያለ ነው፣ እግር የሚታሰርበት ቦታ ትንሽ ወደ ኋላ ይሳባል፣ ጅራቱም ብዙ ጊዜ ከአፍንጫው በጥቂት ሚሊ ሜትር ይጠባል። ወደ ፊት ብቻ እንዲሄድ የተሰራ ነው ማለት ይቻላል።

ካምፓኒዎቹ ግትርነቱን ከ1 እስከ 10 በቁጥር ይጽፉታል፣ ፍሪራይድ ተብለው የሚሸጡት አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 9 ውስጥ ናቸው። ግን የጋራ መለኪያ የላቸውም፣ የአንዱ 7 የሌላው 5 ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ መግዛት የጫማ ቁጥር ሰምቶ ሳይለኩ እንደ መግዛት ነው፣ እኔ ደግሞ ቁጥሩን እንኳ አላየሁም ነበር።

64 ኪሎ

ከወደቅኩ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቦርዱን ሰም ላስቀባ ኦሮራ አካባቢ ያለ አንድ ትንሽ ሱቅ ወሰድኩት። ሰራተኛው ሽበት የጣለ ሰውዬ ነው፣ እጁ በሰምና በብረት ሙርድ የጠቆረ። አዙሮ አየውና ያንተ ነው? አለኝ። አዎ አልኩት። ምንም ሳይል አፍንጫና ጅራቱን ሁለት መደገፊያ ላይ አስቀመጠና መሃሉን በሁለት እጅህ ተጫነው አለኝ። ተጫንኩት፣ ተንጠለጠልኩበት ማለት ይሻላል፣ ዝቅ ያለው ከአውራ ጣቴ ውፍረት አይበልጥም። ከዛ ካምፓኒው ያወጣውን የኪሎ ሰንጠረዥ ከኮምፒውተሩ ላይ አሳየኝ፣ የኔ ቦርድ ቁመቱ 159 ሳንቲም ሜትር ነው፣ ከ73 ኪሎ ጀምሮ ይላል። ስንት ኪሎ ነህ? አለኝ። 64። ጫማህስ? 41። እሱም አንድ ነገር ነው አለ፣ ቦርዱ ለትልቅ እግር ተብሎ ሰፋ ያለ ነው፣ እግርህ ከኤጁ ርቆ ስለሚቀር ከአንዱ ኤጅ ወደ ሌላው ለመገልበጥ ጊዜ ይፈጅብሃል።

ከዛ የተናገራትን እስካሁን አልረሳኋትም። "ቦርዱ አንተ እላዩ ላይ እንዳለህ ገና አላወቀም" አለኝ።

ይቺን ቃል ይዤ ስራ ገባሁ። ቦርድ እንዴት ነው ሰው እላዩ ላይ እንዳለ የሚያውቀው? ሲለመጥ ነው። ኤጁ ላይ አጋድመህ ስትጫነው እንደ ቀስት ይጎብጣል፣ የጎበጠውን መስመር ተከትሎም ይዞራል። ካልጎበጠ በጎኑ ላይ የተቀረጸው ቅርጽ ብቻ ነው የሚያዞረው፣ እሱ ደግሞ በፍሪራይድ ቦርድ ሰፊ ክብ ነው፣ ከ8 ሜትር በላይ ራዲየስ፣ ጠባብ ቦታ ላይ የትም አያደርስህም። ታዲያ ምንድን ነው የሚለምጠው? ክብደትህ አንዱ ነው፣ ሌላው ፍጥነትህ ነው። ዙሩ ያው ሆኖ ፍጥነትህ እጥፍ ቢሆን ወደ ውጪ የሚገፋህ ኃይል አራት እጥፍ ነው። ጓደኛዬ በ88 ኪሎ ላይ ያን ፍጥነት ሲጨምርበት ቦርዱ ከስሩ እንደ ለምለም አርጩሜ ይታጠፋል። እኔ 64 ኪሎ ይዤ፣ ፈርቼ፣ እየጎተትኩ።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የበራልኝ። ስትፈራ ታቀዘቅዛለህ። ስታቀዘቅዝ ቦርዱ ይበልጥ ይገተራል። ሲገተር አይዞርም፣ ሳይዞር ሲቀር ይበልጥ ትፈራለህ። ለስላሳ ቦርድ ለፈራ ሰው ያዝንለታል፣ በግማሽ ልብ የጀመርከውን ዙር እሱ ይጨርስልሃል። ግትሩ ግን የሰጠኸውን ብቻ ነው ሚመልሰው፣ ግማሽ ከሰጠኸው ግማሽ። ለአራት ዊንተር ዙሮቼን በሙሉ ስትጨርስልኝ የኖረችው ሰማያዊዋ ቦርድ ነበረች፣ እኔ ግን ራሴ የምጨርሳቸው ይመስለኝ ነበር።

እማዬ በረዶ ስትል

በዚህ መሃል እማዬ ደወለች፣ ክርኔን በቪዲዮ አይታ። "አንተ ልጅ፣ በረዶ ላይ ምን ልሁን ብለህ ነው ምትወጣው?" ደብረ ብርሃን ነው ያደግኩት፣ ውርጭ እናውቃለን፣ ለሷ ግን በረዶ ማለት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ እንደ ጠጠር የሚወርደው፣ ባቄላውን ደብድቦ የሚያጠፋው ነው። ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ሰው በፈቃዱ እዛ ላይ የሚሄድበት ምክንያት አይታያትም። ሮቤል ተክለማርያም በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዞ በዊንተር ኦሎምፒክ በስኪ እንደተወዳደረ ነገርኳት፣ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። "እሱስ ለሀገሩ ነው፣ አንተ ለማን ነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአንድ ቃል በረዶ ስንል የምንጠቀልለው ነገር ብዙ ነው። ሌሊቱን የወረደው፣ እንደ ፍርኖ ዱቄት እፍ ሲሉት የሚበተነው አለ። ማሽን ጠርጎት ጠዋት ላይ እንደ ታረሰ ማሳ መስመር መስመር የያዘው አለ። ሰው ሁሉ ሲመላለስበት ውሎ የተቆራረሰ፣ ጓል ጓል የሆነ አለ። ነፋስ ልጦት የደደረ አለ። ግትር ቦርድ ለየትኛው ነው ስትሉኝ፣ ለሁለቱ ለመጨረሻዎቹ ነው። ለስላሳ ቦርድ ጓሉ ላይ በፍጥነት ሲሄድ ይንቀጠቀጣል፣ አፍንጫው ይንጠራወዛል፣ ጉልበትህ ድረስ ይሰማሃል፤ ግትሩ ቀጥ ብሎ ሰንጥቆት ያልፋል። የደደረው ላይ ደግሞ ኤጁ ከዳር እስከ ዳር ስለሚነክስ አይከዳህም፣ መጫኑን ካወቅክበት። ሰው የሚሳሳተው ዱቄቱ ላይ ነው። ፓውደር ላይ የሚያንሳፍፍህ ግትርነቱ አይደለም፣ የአፍንጫው ቅርጽና ስፋት፣ እግርህ ወደ ኋላ መሳቡ ነው። መካከለኛ ቦርድ በደንብ አድርጎ ያንሳፍፍሃል፣ ዛፍ ለዛፍ ለመሄድ እንደውም እሱ ይቀላል።

ፈሩ

መጋቢት አካባቢ አንድ ማክሰኞ ከሺፍት እንደወጣሁ ሳልተኛ ቀጥታ ወደ ተራራው የሚወስደውን አይ-70 አውራ ጎዳና ይዤ ሄድኩ። ማክሰኞ መንገዱ ባዶ ነው። ያን ቀን ወደ ላይ ወደ 9ኛው አልሄድኩም፣ ታች ያለውን ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ማሽን የጠረገውን መውረጃ መረጥኩ። ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ፣ ሊፍቱ ላይ ሆኜ እየቆረጠምኩ፣ መኪኖቹ ከስሬ ወደ አይዘንሃወር ዋሻ አንድ በአንድ ሲገቡ እያየሁ። ቡትሴን ቀይሬ ነበር። የድሮው ቡትስ ለስላሳ ነው፣ ቁርጭምጭሚቴ ሲታጠፍ ኃይሌ እዛው ቡትሱ ውስጥ ይቀራል፣ ኤጁ ጋ ሚደርስ የለም። የሱቁ ሰውዬ ቦርዱን ከመውቀስህ በፊት ቡትስህን ቀይር ብሎኝ ነበር፣ ቡትስ፣ ባይንዲንግና ቦርድ ሶስቱም በግትርነት ካልተመጣጠኑ ትርፉ ድካም ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ስለዚህ ያን ጠዋት ቁጭ ብዬ ገመዱን ከስር ጀምሬ አንድ በአንድ ሳብኩት፣ አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት አወራረዶች ያው ናቸው። በሶስተኛው አንድ ነገር ወሰንኩ፣ ቁልቁለቱ ሰፊ ነው፣ ሰው የለም፣ ከመዞሬ በፊት ሶስት እስክቆጥር ቀጥ ብዬ ልለቀው። አንድ፣ ሁለት፣ ነፋሱ ጆሮዬ ላይ መጮህ ጀመረ፣ ሶስት። ያኔ እንደ ልማዴ የኋላ እግሬን ልገፋ ስል ተውኩት፣ እግሬን ትቼ መላ ሰውነቴን አጋደልኩ፣ ጉልበቴን ወደ በረዶው፣ ደረቴን ወደ ፊት እግሬ፣ እጄ በረዶውን ሊነካ እስኪደርስ። ለአፍታ ምንም አልሆነም። የወደቅኩ መሰለኝ። ከዛ ከስሬ አንድ ነገር እሺ አለ። እንዴት ልንገራችሁ፣ ድምጹ ራሱ ተቀየረ፣ ይንሻሻ የነበረው ጥርት ያለ፣ ጨርቅ ሲቀደድ ያለ ድምጽ ሆነ፣ እግሬ ከመሬቱ ጋ የተሰፋ መሰለኝ፣ ክብደቴ እጥፍ ሆኖ ተሰማኝ፣ ቦርዱ ከስሬ ጎበጠ፣ ዙሩ ሲያልቅ ደግሞ ያ የጎበጠው ተመልሶ ሲቃና ወደ ቀጣዩ ዙር ወርወር አደረገኝ። ያልጠበቅኩት ይሄን ነው። የሰጠሁትን መለሰልኝ።

ሁለት ዙር ሰርቼ ቆምኩ። እግሬ ይንቀጠቀጣል። ዞሬ ወደ ላይ አየሁ። ከላይ፣ መጀመሪያ በወረድኩበት በኩል፣ የድሮው ዱካዬ አለ፣ መጥረጊያ እንደጎተቱበት ሰፊና የተጨማለቀ። ከሱ በታች ግን አንዲት ቀጭን መስመር አለች፣ ከጣት የማትሰፋ፣ ጥልቅ ያለች፣ ዳሯ የጠራ፣ ወደ ግራ ጎብጣ ከዛ ወደ ቀኝ። አባዬ ከበሬ ኋላ ሆኖ ሲያርስ ማረሻው የሚተዋት ፈር ትዝ አለችኝ። ማረሻ ካልተጫኑት ላዩን ይቧጥጣል፣ ከተጫኑት ይገባል፣ ከገባ ደግሞ ራሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ፈር ያዘ ይሉታል። ልጅ ሆኜ እርፉን ሲያስይዘኝ አለቅሳለሁ፣ እየዘለለ ያስቸግረኛል፣ አባዬ እጄ ላይ እጁን ደርቦ ይጫነዋል፣ "አትፍራው፣ ተጫነው" ይለኛል። ተራራው ላይ ቆሜ፣ ሳልተኛ፣ እንባዬ መጣ፣ አላፍርበትም።

ታዲያ ለማን ይሆናል

ያን ቀን ከሰዓት 9ኛው ሊፍት ላይ ወጣሁ፣ ያንኑ ቦታ አንዴ ወረድኩት። የደደረው ላይ ስደርስ ተጫንኩት፣ ያዘልኝ። አንዴ ብቻ ነው የወረድኩት፣ እግሬ አልቆ ነበር። ይሄን የምለው ግትር ቦርድ ግዙ ለማለት አይደለም፣ ይልቁንም ስለማያስፈልጋቸው ሰዎች ነው ብዙ ማለት የምፈልገው።

ጀማሪ ከሆንክ አይሆንህም፣ ሁለተኛ ሶስተኛ ዓመትህም ከሆነ ምናልባት አይሆንህም። ትምህርቱ ያለው በዝግታ ነው፣ ግትር ቦርድ ደግሞ በዝግታ አይናገርም። ክብደትህ ከሰንጠረዡ በታች ከሆነ የዚያው ሞዴል አጠር ያለው ሊስማማህ ይችላል፣ ያው ቁጥር ተጽፎበት 159ኙና 153ቱ ሁለት የተለያዩ ቦርዶች ናቸው። ለዝላይ የተሰራ ፓርክ ውስጥ መዝለልና መሽከርከር የምትወድ ከሆንክ፣ ወይም ከልጆችህ ጋ ቀስ እያልክ ምትውል ከሆነ፣ ገንዘብህን አታባክን። የሚስማማው በፍጥነት መሄድ ለማያስጨንቀው፣ ሰፊና ቁልቁል ቦታ ላለው፣ ዙሩን ራሱ ጀምሮ ራሱ ለሚጨርስ፣ እግሩም ቀኑን ሙሉ ለሚችልለት ሰው ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ይሄን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እነዚህ ቦርዶች ሲሸጡ ሁልጊዜ ማንም ያልረገጠው ተራራ ፎቶ ላይ ነው፣ ከሊፍት ውጪ ያለው ዱር ላይ። ኮሎራዶ ውስጥ በረዶው ስስ ነው፣ ስሩ ላይ እንደ ስኳር የላላ ንብርብር ይዞ ስለሚከርም በቀላሉ ይናዳል። ክሬግ ኬሊ ተደጋግሞ የስኖውቦርድ የዓለም ሻምፒዮን የሆነ፣ ውድድሩን ትቶ ለፍሪራይድ ህይወቱን የሰጠ፣ ብዙዎች እንደ አባት ሚያዩት ሰው ነበር፤ ጥር 20 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. ካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ውስጥ የበረዶ ናዳ ወስዶት ሞተ። ከሱ የተሻለ ቦርዱን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም፣ ቦርዱ ተራራው ጫፍ ድረስ ድፍረት ይሰጥሃል፣ ናዳውን ግን የሚያነብልህ አይደለም። የአቫላንች፣ የበረዶ ናዳ ማለት ነው፣ ትንበያውን ሳላይ፣ ኮርስ ሳልወስድ፣ ብቻዬን ከመንሸራተቻው ድንበር ገመድ ውጪ አልወጣም፣ እናንተም አትውጡ።

ለራሴ በዓመቱ መጨረሻ 153 ሳንቲም የሆነ፣ 6 የተጻፈበት መካከለኛ ቦርድ ገዛሁ። አብዛኛውን ቀን እሱ ላይ ነኝ፣ ደስ ይለኛል። ግትሩን ግን አልሸጥኩትም፣ ጠዋት ጠዋት በረዶው ደርቆ መንገዱ ባዶ ሲሆን እሱን ይዤ እሄዳለሁ።

ባለፈው ወር አንድ ልጅ ደወለልኝ፣ ከኛው ኤርፖርት፣ ከመጣ ገና ሁለት ዓመቱ። "ጋሼ፣ ያን ጥቁሩን ቦርድ ይሸጡልኛል ወይ? ሲወርዱበት አይቻለሁ" አለኝ። ጋሼ ተብዬ አላውቅም ነበር፣ ደነገጥኩ። ስንት ኪሎ ነህ? አልኩት። ስልሳ አንድ። መቼ ጀመርክ? ዘንድሮ። ቅዳሜ ቤት ና አልኩት። ሲመጣ ጥቁሩን ሁለት ወንበር ላይ ደገፍኩና መሃሉን ተጫነው አልኩት፣ ተጫነው፣ ቀና ብሎ አየኝ። ከዛ ሰማያዊዋን ከጋራዥ አወጣሁለት፣ ኤጇን ሞርጄ፣ ሰም ቀብቼ አዘጋጅቻት ነበር። ስንት ልክፈል ሲለኝ ዝም ብለህ ውሰዳት አልኩት። መኪናው ላይ ከመጫናችን በፊት ባይንዲንጓን በእግሩ ልክ አስተካክዬ ብሎኖቹን አንድ በአንድ አጠበቅኩለት።